ዓይኔ ስትይኝ

ለእናቴ፣

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስትወጪ የሚንቋቋው ጉልበት ልብ ገዛ ወይስ እንደ ልጅሽ እንዳመጸ ነው? በረንዳው ላይ የምትተኛዋ ድመትስ ወለደች? እኔ ደህና ነኝ። ሳል ይዞኝ ነበር፣ ለቆኛል። በደንብ እበላለሁ፣ በደንብ እተኛለሁ፣ ኮቴም ይሞቃል። እነዚህን አስቀድሜ ካልነገርኩሽ የቀረውን ልብ ብለሽ እንደማትሰሚኝ ስለማውቅ ነው ከጅምሩ የገላገልኩሽ።

ይህን የምጽፍልሽ ሥራ ቦታ ሆኜ፣ ከጨለማዋ ክፍል ነው። ከሰዓት በኋላ ሆኗል፤ ወረፋው ሳስቷል። ግድግዳው ጥቁር፣ መጋረጃው ወፍራም፣ ጠረጴዛዬ ላይ ያለችው አንዲት መብራት ናት። ከውጭ የሰው ድምፅ ይመጣል፤ ግን መጋረጃውን አልፎ ሲገባ ይለሰልስና ቃሉ ጠፍቶ ዜማው ብቻ ይቀራል። እዚህ ስቀመጥ አንዳንዴ ቀኑም ቦታውም ይጠፋብኝና ያንቺ መስፊያ ክፍል ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል።

የምጽፍበትን ምክንያት ልንገርሽ፤ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልችልበትም፣ አንቺም አላስተማርሽኝም። መጥተሽ ዓይንሽን እንድትታዪልኝ ነው። ሳይመሽ እማዬ። ከዚህ በፊት ስጠይቅሽ ደህና ነኝ፣ ክር በመርፌ ራሴ አስገባለሁ ብለሽ መልሰሽልኝ ነበር። ያኔ አመንኩሽ። አሁን አላምንሽም፤ ለምን እንደማላምንሽ ደግሞ ረጋ ብዬ ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

ሥራዬን በቅጡ አስረድቼሽ አላውቅም። ለጎረቤት ልጄ መነጽር ትሸጣለች እንደምትዪ አውቃለሁ። የሚሸጡት ውጭ ያሉት ናቸው። እኔ ሰው ምን ያህል እንደሚያይ ነው የምለካው። ሰው መጋረጃውን ገልጦ ሲገባ ሳይታዘዝ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ባለ ሱፉም፣ አፏ የማያርፈው ተማሪም፣ ሁሉም ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ልጅ ይሆናሉ። አገጫቸውን ብረቱ ላይ አሳርፈው መብራቷን እያዩ ሲመልሱልኝ በህልማቸው የሚያወሩ ነው የሚመስለኝ። እኔም እዚያው ህልማቸው ውስጥ ገብቼ፣ ይሄኛው ይሻላል ወይስ ይሄኛው እያልኩ መስታወት እቀያይራለሁ።

ታዲያ ምን እንደሚገርመኝ ታውቂያለሽ? ሰው ይዋሻል። የሚቀጣው ሳይኖር፣ የሚሸለመው ሳይኖር፣ ያላየውን ፊደል አየሁ ይላል። ፈተና የሚወድቅ ይመስለዋል። አንድ ትልቅ ሰውዬማ ከጎረቤት ሊኮርጅ ዞር ሲል አይቼዋለሁ፤ ጎረቤት በሌለበት ክፍል። እኔ ታዲያ ያንቺን ቃል እነግራቸዋለሁ፤ የሚያውቁትን ሳይሆን የሚያዩትን ይንገሩኝ እላለሁ። አላይም ማለት ነውር እንዳልሆነ ለማስረዳት ከመነጽሩ የበለጠ ጊዜ ይፈጅብኛል።

ከዚህ የተነሳ እዚህ ስሜ ምስክሯ ሆኗል። አለቃዬ ደግ ሰው ነው፤ ግን መንጃ ፈቃድ ሊያሳድስ የመጣ ሰው እኔ አያይም ስለው አኩርፎ ሲወጣ ደንበኛ እንዳይሸሸው ይሰጋል። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን ይህን ድርቅናሽን ከየት አመጣሽው ብሎ ጠየቀኝ። የጽዳት ሠራተኛችን እኔን ቀድማ፣ እውነት ከአባት በዱላ ነው የሚገኘው አለች፤ የሷ አባት ስምንት ልጅ ገርፎ አንድ እውነተኛ እንዳላወጣ ግን ቆይታ ራሷ ነገረችን፤ ተሳሳቅን። እኔ ከእናቴ ነው ያገኘሁት አልኩ። ደረቴን ነፍቼ ነው ያልኩት።

እንዴት እንዳስተማርሽኝም ነገርኳቸው። መስኮቷን ነገርኳቸው፤ ጠዋት ጠዋት ብርሃን በሰያፍ እየገባ ክር ሁሉ ሕይወት የዘራ የሚመስልባትን መስኮት። የሰው ልብስ ተቀዶ ይመጣል፤ አንቺ እንዳልተቀደደ አድርገሽ ትመልሺዋለሽ፤ ለዚያ ደግሞ የክሩ ቀለም ከጨርቁ ጋር መግጠም አለበት። የክር ጥቅሎቹን መስኮቱ ላይ ትደረድሪና ጨርቁን በእጄ አስይዘሽ፣ የቱ ነው የሚመስለው ትይኛለሽ። እኔ ቡናማ ነዋ ስልሽ፣ ቡናማ መሆኑን ከሰው ሰምተሽ ነው፣ አሁን እዪና የምታዪውን ንገሪኝ ትይኛለሽ። አያለሁ። እየቆየሁ ሳየው ቡናማው ቡናማ ብቻ አይደለም፤ የረጠበ ግድግዳ ነው፣ የቆየ ሻይ ነው፣ የአስተማሪያችን ቦርሳ ነው። እነግርሻለሁ፤ አንቺ አትስቂም። ጆሮሽን ሰጥተሽ ታዳምጪኛለሽ። ለልጅ እንዲያ አድርጎ ጆሮ የሚሰጥ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

አንድ ቀን ደግሞ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ፣ አንቺ የኮቱን እጅጌ ሰፍተሽ ጨርሰሽ ክሩን በጥርስሽ ልትበጥሺ ስትዪ፣ እማዬ አይገጥምም አልኩሽ። ሰውየው በችኮላ ላይ ነበር፤ ምን ይታያል፣ ስጪኝ ልሂድበት አለሽ። እኔ ቤቱ ሲረጋ መቆንጠጤ አይቀርም ብዬ ነበር። አንቺ ግን ስፌቱን አንድ በአንድ ፈታሽው። ሰውየው ሲሄድ ግንባሬን ሳምሽኝ። ለአለቃዬ ይህን ስነግረው ሻዩን አስቀመጠ፤ የጽዳት ሠራተኛችን እኔንም እንዲህ ቢያደርጉኝ ኖሮ አለችና ኩባያዎቹን መሰብሰብ ጀመረች።

በእርግጥ ትምህርቱ አንዳንዴ ዳር ድንበሩን ያልፍ ነበር። አክስቴ አዲስ ቀሚስ ለብሳ መጥታ አማረብኝ ወይ ስትል፣ የቆየ ጉበት ይመስላል ያልኳትን ታስታውሺያለሽ? አንቺ ፊትሽን ወደ ስፌት መኪናው አዙረሽ ትከሻሽ እስኪንቀጠቀጥ ሳቅሽ። አክስቴ ከዚያ ወዲህ እኔ ባለሁበት ልብስ ቀይራ መጥታ አታውቅም።

እስካሁን የነገርኩሽን አንቺም ታውቂዋለሽ። የማታውቂው ቀጥሎ የመጣውን ነው።

ለመንጃ ፈቃድ የሚመጡ ሰዎችን ቀለም መለየታቸውንም እንፈትሻለን። ለዚህ አንድ መጽሐፍ አለን፤ ገጹ ሁሉ በቀለም ነጠብጣብ የተሞላ፣ በነጠብጣቡ መሀል ቁጥር የተደበቀበት። ቀለም የሚለይ ሰው ቁጥሩን ወዲያው ያየዋል፤ የማይለይ ሰው ነጠብጣብ ብቻ ያያል። መጽሐፉ ከአገልግሎት ብዛት ጀርባው ተገንጥሎ ገጾቹ መሬት ላይ ተበተኑ። የጽዳት ሠራተኛችን ሰብስባ እንደመጣላት ደረደረቻቸው፤ ማንም ልብ አላለም። ለካ ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች የድሮውን ቅደም ተከተል ከአንዱ ወደ አንዱ እየተቀባበሉ በቃላቸው ይዘውት ኖሯል!

አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ገባ። ሸበቶ፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ፣ አባቴ የሚሆን ሰው። ገጹን ገለጥኩለት፤ አሥራ ሁለት አለ፤ ፊቱ ያለው ሰባ አራት ነው። ሁለተኛውን ልገልጥ ስል፣ ገና ሳልገልጠው፣ ስምንት ብሎ ቀደመኝ። ሳቄ መጣ፤ አፈንኩት። አባቴ፣ የሚያውቁትን ሳይሆን የሚያዩትን ይንገሩኝ አልኩት።

መጽሐፉን በእጁ ከደነው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ይህን ቃል እኮ እኔ ነኝ ለሌላ ሰው ስናገረው የኖርኩት አለኝ። ቀይና አረንጓዴ ተለይቶለት አያውቅም። የትራፊክ መብራት ከላይ ወደ ታች ሲሆን በቦታው ያውቀዋል፤ አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ግን መብራቱ ጎን ለጎን ተጋድሞ ነው የተሰቀለው። እዚያ ሲደርስ ጎኑ ለሚቆመው ረዳት፣ እስቲ ፊት ለፊት ምን ታያለህ፣ የምታውቀውን ሳይሆን የምታየውን ንገረኝ ይለዋል፤ ሊያሠለጥነው እንደፈለገ ሰው። ረዳቱ ያየውን ይነግረዋል። በነገረው ቁጥር ጎበዝ ይለዋል። ዓመት ዓመትን ወለደ። ያ ረዳት ዛሬ ራሱ ሾፌር ሆኗል፤ መነኸሪያው ውስጥ ቃሉ የሚታመን ሰው ማነው ቢባል እሱ ነው። እንዴት አድርገህ ብታሳድገው ነው እያሉ እኔን ያመሰግኑኛል አለኝ ሰውየው። ልጄ፣ እኔ የማሳድገው ሰው አልነበረም የፈለግሁት። ዓይን ነበር የፈለግሁት አለኝ።

እማዬ፣ እስክሪብቶዬ ከእጄ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ ላነሳው ስል ጠረጴዛው ስር ያለው ጨለማ ውስጥ ያቺ መስኮት ቁልጭ ብላ ታየችኝ፤ ክሮቹ እንደተደረደሩ፣ አንቺ ከጎኔ ቆመሽ፣ ዓይንሽ ክሩ ላይ ሳይሆን አፌ ላይ ተተክሎ።

ሰውየውን አላሳለፍኩትም። ማለፍ አልነበረበትም፤ አውቶቡሱ ሰው ነው የሚጭነው። አልለመነኝም። እዚህ ጨለማ ውስጥ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ ብሎኝ ወጣ። አሁን መነኸሪያው ውስጥ ትኬት ይቆርጣል ይሉኛል። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ይለኛል፤ ደስ ብሎት ግን አይደለም።

የዚያን ቀን ወደ ቤቴ በእግሬ ነው የሄድኩት። የሱቆቹ ታፔላ፣ የሰዎቹ ልብስ፣ የመኪናው መብራት ሁሉ ቀለሙን እየጠራሁ አለፍኩ፤ ቀይ፣ ግራጫ፣ የተቃጠለ ሸክላ፣ የታመመ ጥፍር። ላንቺ እየነገርኩሽ ነበር። እግሬ ይሄዳል እንጂ እኔ ልጅነቴ ውስጥ ነበርኩ፤ ልጅነቴ ደግሞ እንደ ተገላበጠ ልብስ ስፌቱ ወደ ውጭ ወጥቶ ይታየኛል። ቀለም የሚጠይቅ ሥራ እኔ ከትምህርት ቤት እስክመለስ ለምን ይቆይ እንደነበር ገባኝ። ደመና የሆነ ቀን፣ ዛሬ አንቺ ቤት ዋዪ፣ ያተኮሰሽ መሰለኝ እያልሽ ለምን እንደምታስቀሪኝም።

እኔ ለሥራ ከቤት ስወጣ የሰው ኮትና ቀሚስ መቀበል አቁመሽ የሆስፒታል አንሶላ ብቻ መስፋት መጀመርሽስ? ነጭ ይሻለኛል፣ ነጭ ንጹሕ ነው ነበር ያልሽኝ። እኔ ሻንጣዬን ስይዝ ዓይንሽንም ይዤ ነው የሄድኩት። ይህን ሳስብ መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ እማዬ። አንዲት ሴትዮ መሀረብ ሰጠችኝ፤ ሰማያዊ ነበር።

ከለቅሶው በኋላ ደግሞ ተናደድኩ። ልደብቅሽ አልችልም። እውነተኛ ልጅ አድርጋ አሳደገችኝ እያልኩ የኮራሁባት እናቴ ለካ ሥራዋን ስታሠራኝ ነው የኖረችው አልኩ። ያ ሁሉ ማዳመጥ፣ ያ ግንባር መሳም፣ ለኔ ነበር ወይስ ለኮቱ እጅጌ? ሰንብቼ ሰንብቼ ይህን ከራሴ ጋር ስሟገት፣ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ንዴቴ እጄ ላይ ሟሸሸ።

ሰዎች ሥራሽን ሲያደንቁ ትዝ አለኝ። ይህንን ቀለም እንዴት አግኝተሽ አገጣጠምሽው፣ እጅሽ ይባረክ ሲሉሽ፣ እኔ ቀለም አላውቅም፣ ልጄ ናት ያገኘችው ትያቸው ነበር። ሁሌም። ለሁሉም። እነሱም ይስቃሉ፤ ትሕትናሽን ደግሞ ጨምረው ያደንቃሉ። አንዷማ እንዲህ ዓይነት ራሷን ዝቅ የምታደርግ ባለሙያ አይቼ አላውቅም ብላ ለሰፈሩ አውርታልሻለች። እኔንም ዓይኔ ነበር የምትይኝ። ዓይኔ ነይ፣ ዓይኔ የታለች፣ ያለ ዓይኔ ሥራ አልጀምርም። እናት ልጇን ዓይኔ ብትል ማን ምን ይላል? አንቺ እኮ አንድም ቀን አልዋሸሽም። እውነቱን በጠራራ ፀሐይ፣ በደንበኛ ፊት፣ ስትናገሪው ኖረሻል፤ የሰማሽ ሰው ጠፋ እንጂ። እኔ ራሴ ቁልምጫ መስሎኝ ነው ያደግሁት።

ስለዚህ አለቃዬ ደግሞ ቢጠይቀኝ የምመልስለት ሌላ ነው። እኔ እውነት መናገር የለመድኩት ውሸት ስላስፈራኝ አይደለም። የማየውን የምትፈልግ ሰው ስለነበረችኝ ነው። ብነግርሽ እንጀራችን ይገኛል፣ ብዋሽሽ የሰው ኮት ይበላሻል። ልጅ ሆኜ ቃሌ ይህን ያህል ክብደት ነበረው፤ ምን ያህል ሰው ነው እንዲህ ተፈልጎ የሚያድገው? ስለ መሳሙ ደግሞ ለኮቱ ይሁን ለኔ መለየቱን ትቼዋለሁ። ግንባሬ ላይ ነው ያረፈው።

ሐኪሙን ጠየቅኩት። ሳምንት ሳምንት እዚህ የሚመጣ የዓይን ሐኪም አለን፤ ብዙ አያወራም፣ ያለውን ግን ይላል። ቀለም አለመለየት አብሮ የሚወለድ ነገር ነው፣ በሽታም አይደለም፣ ሰውን አይጎዳም አለኝ። በሴት ላይ እምብዛም አይገኝም ብሏል፤ ብርቅ ነሽ ማለት ነው፣ ለአክስቴ ንገሪያት። ለዚያ ማፈር አያስፈልግሽም ነበር እማዬ፤ አንድ ቀን አያስፈልግሽም ነበር። አሁን የያዘሽ ግን ሌላ ነው።

ምን ይዞኝ ትዪኝ ይሆናል። ባለፈው ስመጣ በር ላይ ቆሜ ዝም ብዬ ሳይሽ፣ ቀና ብለሽ አየሽኝና ማነው አልሽ። ፀሐዩ ከኋላሽ ስለሆነ ነው አልሽኝ ቆይተሽ፤ ፀሐዩ ግን በጓሮ በኩል ነበር። ሻዩን ስትቀጂልኝ ጣትሽን ኩባያው አፍ ላይ አድርገሽ ነው የለካሽው። የመርፌ መሰኪያው ትራስ ላይ ደግሞ መርፌዎቹ ሁሉ አስቀድሞ ክር ገብቶላቸው ተደርድረው አየሁ። ራሴ አስገባለሁ ትዪኛለሽ፤ ማን እንዳስገባልሽ አልጠየቅኩም፣ አሁንም አልጠይቅም።

ሻርፑም አለ። ለልደትሽ አረንጓዴ ሻርፕ ልኬልሻለሁ ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ከሳምንት በኋላ ቁም ሳጥኔን ስከፍት አረንጓዴው ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ለካ ለራሴ የገዛሁትን ቡናማውን ነው ጠቅልዬ የላክሁልሽ። ትስቅብኛለች ብዬ መልስሽን ስጠብቅ፣ አረንጓዴው እንዴት እንዳማረብኝ ብታይ የሚል ደብዳቤ መጣ። ያኔ ይሉኝታ ይዟት ነው ብዬ አለፍኩት። ቀለሙን አላየሽውም። ያ ደህና፤ ቀለሙን ዱሮም አታዪውም። ደብዳቤውን ግን ያንቺ እጅ አልጻፈውም። ያንቺ ፊደል ወደ ቀኝ ይጋደማል፣ ይሄኛው ቀጥ ያለና ዝግ ያለ ነው። እና ደግሞ መጨረሻው ላይ፣ ብቻሽን ከምትኖሪበት ቤት፣ ስለ እኛ አታስቢ፣ ደህና ነን ይላል። ደህና ነን። ያቺን ቃል ደጋግሜ አነበብኳት። ፈገግ እያልኩ ነው ያነበብኳት፣ አይዞሽ።

አሁን ይህን ለሚያነቡላት ለእርስዎ ልናገር። ጤና ይስጥልኝ። ማን እንደሆኑ አላውቅም፤ መርፌ ላይ ክር የሚያስገባ ትዕግሥት ያለው ሰው መሆንዎን ግን አውቃለሁ። ሻርፑ ቡናማ መሆኑን አይተዋል፤ እሷ አረንጓዴው አማረብኝ ብላ ስታስጽፍዎ እንዳታፍር ብለው ጻፉላት። አልተቀየምኩም። እንደዚያ ያለ ውሸት የሚዋሸው የሚሳሳ ሰው ነው። ግን ለዛሬ ብቻ እለምንዎታለሁ፤ ከዚህ በታች ያለውን ሳይዘሉ፣ ሳያለሰልሱ፣ እንደተጻፈ ያንብቡላት። ድምፅዎ ቢያስቸግርዎ ውሃ ጠጥተው ይቀጥሉ።

እማዬ፣ ሐኪሙ እንዳለው ዓይንሽን የሸፈነው ሞራ ከሆነ በአንድ ጠዋት ሥራ ይነሳል። አያምም፤ ከዚያው ቀን ወደ ቤት ይኬዳል። ነገር ግን ቆይቶ ከበሰለ ዓይኑ ውስጥ ግፊት ያመጣል፣ ያ ግፊት ያጠፋውን ማየት ደግሞ ማንም አይመልሰውም። እሱ ራሱ ሐኪሙ አይመልሰውም። ደህና ነኝ ባልሽ ቁጥር የሚጠፋው የኔ እምነት አይደለም፤ ያንቺ ብርሃን ነው። ለሰው ሁሉ እውነቱን ስትናገሪ ኖረሽ ለራስሽ ስትደርሺ አትዋሺ። እፈራለሁ። ይህን ሌላ ሰው በሚሰማበት ልናገር አልፈለግሁም ነበር፤ ግን እፈራለሁ። አንድ ቀን መጥቼ አጠገብሽ ቆሜ፣ ጨርሰሽ በእጅሽ ፊቴን ስትፈልጊው ማየት አልችልም።

ሁሉን አዘጋጅቻለሁ። ሐኪሙን ቀን አስይዤዋለሁ፤ መጋረጃውን ገልጠሽ ስትገቢ የምትቀመጪበትን ወንበር አውቀዋለሁ፤ የምይዝልሽ እጅሽን ነው። ምን ታያለሽ ስልሽ ምንም ብትዪኝ አልደነግጥም። ክፍሌ ጠባብ ናት፤ ቢሆንም አልጋው ሰፊ ነው፣ ሶፋውም ይዘረጋል፤ እኔ የሥራ ጓደኛዬ ዘንድ አድራለሁ። አውቶቡስ ላይ ሁለት ቦታ ያዙ። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ከመስኮቱ ውጭ ምን እንዳለ የሚነግርሽ ሰው አይጥፋ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ ቤትሽን ሰላም፣ ደጃፍሽን የወዳጅ ያድርገው። ከአጠገብሽ ላለው ሰው ረጅም ዕድሜ፣ ለድመቷም ጤና። እኔን መርቂኝ፤ ምርቃትሽ ሲደርሰኝ ይታወቀኛል፣ ሥራው ይቀለኛል።

መልስሽን ግን ሌላ ሰው እንዳይጽፈው። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በእርስዎ ተቀይሜ አይደለም። እማዬ፣ አንቺ ራስሽ ጻፊው። ወረቀቱን ይያዙልሽ፣ እስክሪብቶውን ያቀብሉሽ፣ ከዚያ ይልቀቁሽ። አላይም ብለሽ ጻፊ። መስመሩ ይጣመም፣ ፊደሉ እርስ በርሱ ይደራረብ፣ ከወረቀቱ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ይቅር። እኔ አነበዋለሁ።

ልጅሽ